የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የካርቦን ታክስ

የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የካርቦን ታክስ በካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ ባለችው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ለ17 ዓመታት ያህል በነዳጅ ላይ ሲከፈል የኖረ ግብር ነው። በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሽፋን ያለው የመጀመሪያው የካርቦን ታክስ እንደሆነ ይነገርለታል። ስሌቱ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የተፈጥሮ ጋዝና የድንጋይ ከሰል ሲቃጠሉ የሚለቁትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሠረት ያደርግ ነበር። ጭሱ በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ዋጋ ከወጣለት፣ መንግሥት ይህን አድርጉ ያንን ተዉ ሳይል፣ እያንዳንዱ ከፋይ ጭሱን የሚቀንስበትን መንገድ ራሱ ይፈልጋል የሚል እምነት ነበረ።

ታክሱን ያመጣው በወቅቱ የክፍለ ግዛቷ መሪ የነበረው የጎርደን ካምቤል መንግሥት ነው። በቶን 10 የካናዳ ዶላር ተጀምሮ በየዓመቱ 5 ዶላር እየጨመረ በ2012 30 ዶላር ደረሰ፤ ይህም በአንድ ሊትር ቤንዚን ላይ 7 ሳንቲም ገደማ ነው። ጭማሪው አስቀድሞ በመታወቁ ድርጅቶች ጊዜ ወስደው ሊዘጋጁበት ችለዋል። የተሰበሰበው ገንዘብ በገቢ ግብር ቅናሽና ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በሚሰጥ ድጎማ ተመላሽ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ይህን ካልፈጸመ ከራሱ ደመወዝ ይቆረጥበት ነበር፤ በግብር ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ብዙ አይገኝም።

ጥናቶች የክፍለ ግዛቷ የካርቦን ልቀት ታክሱ ባይኖር ሊደርስበት ከሚችለው ከ5 እስከ 15 በመቶ እንደቀነሰ ይገምታሉ፤ በኢኮኖሚው ላይ ያደረሰው ጎልቶ የሚታይ ጉዳት አልተገኘም። ሆኖም ተመኑ ከ2012 እስከ 2018 ባለበት ቆመ። በግሪን ሃውስ አትክልት የሚያመርቱ ገበሬዎችም ከውጭ ተፎካካሪዎች ጋር መወዳደር አልቻልንም ብለው አብዛኛው ታክስ ተነሥቶላቸው ነበር።

ድክመቱ ከሒሳቡ ይልቅ በፖለቲካው በኩል ነበር። ጭማሪውን ነጂው ማደያ በሄደ ቁጥር ያየዋል፤ የገቢ ግብር ቅናሹን ግን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ተቃዋሚ የነበረው ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ በ2009 ምርጫ ታክሱን እሰርዛለሁ ብሎ ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ2017 ሥልጣን ሲይዝ ግን ገንዘቡን የመመለሱን ግዴታ አስቀርቶ ተመኑን ከፍ ማድረግ ጀመረ፤ በ2024 80 ዶላር ደረሰ። የኑሮ ውድነቱ ሲከፋና የፌዴራሉ መንግሥት በተጠቃሚዎች ላይ የጣለውን የራሱን የካርቦን ታክስ ሲተው ያው ፓርቲ ከአፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ በተጠቃሚዎች ላይ የነበረውን ታክስ አነሣ። ትልልቅ ፋብሪካዎች ለሚለቁት ካርቦን የሚከፍሉበት ሥርዓት ግን አብሮ አልተሻረም።