ከጎሜ የት ይሸሻል? ኑዛዜና ሽሽት በጋሞ የእርቅ ሥርዓት

ኑሮ ሲከብድ ቀዬ መቀየር ለጋሞ ደጋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሸማኔው ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ይሻገራል፤ ማሳው የጠበበበት ገበሬ ወባውን ታግሦ ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ይወርዳል። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ያለችው ላንቴ ከእነዚህ የቆላ መንደሮች አንዷ ናት። ቀበሌው ኦቾሎ ላንቴ እየተባለ ሲጠራ፣ ከላይ ከአለቱ ጫፍ ሐይቁን ቁልቁል ከምታየው ከኦቾሎ ጋር ያለው ዝምድና ይታወሳል። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የአደባባይ ሸንጎን ፖለቲካ ያጠናው በዚችው ኦቾሎ ነው። ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ችግሩን ጥሎ መውረድ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። የጋሞ አባቶች መልስ ችግሩ እንደመጣበት ምክንያት ይለያያል፦ ከመሬት ጥበት የመጣውን ጥሎ መሄድ ይቻላል፤ ከበደል የመጣው ግን ባለቤቱን ተከትሎ ይወርዳል።

ይህን የሚያስረዳው የጎሜ እምነት ነው። ወጋ የሚባለውን የአባቶች ሥርዓት መተላለፍ ጎሜ ነው፤ መተላለፉ የሚያመጣው መዘዝም በዚያው ስም ይጠራል። አንትሮፖሎጂስቷ ዴና ፍሪማን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በጋሞ ደጋ በምትገኘው በዶኮ ያካሄደችው፣ በ2002 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው የታላቅና የታናሽ ቅደም ተከተል እንኳ የዚህ ሥርዓት አካል ነው፤ ታላቁ ሳይዘራ ታናሹ ቀድሞ ቢዘራ ጎሜ ይሆናል። ልጅ ሲታመም፣ ከብት ሲጨነግፍ፣ ዝናብ ሲቀር ‹ማን ምን አጠፋ?› ተብሎ ይመረመራል። መዘዙ አጥፊው ላይ ብቻ አያርፍም፤ ቤተሰቡን፣ አንዳንዴም አገሩን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ ሰውየው ሽሮ ሜዳ ቢገባ ደጋ ላይ የቀረችው እናቱ ትታመማለች ተብሎ ይፈራል።

እዚህ ላይ የልብ መለወጥን በተመለከተ ከተለመደው የስብከት አነጋገር የሚለይ ነገር አለ። በእኛ ዘመን ‹አመለካከትህን ቀይር› የሚለው ምክር ሰውን ወደ ራሱ ጓዳ ይመልሰዋል፤ ይቅር ማለትም መጸጸትም ሌላ ሰው ሳያይ ያልቃል። በጎሜ ሥርዓት ግን የተለወጠ ልብ የሚታወቀው በአንደበት ነው። አጥፊው በደሉን በሽማግሌዎች ፊት ይናገራል፣ ተበዳዩ ይሰማል፣ ካሳ ካለ ይከፈላል፣ ምርቃት ይከተላል። ሳይናገሩ መጸጸት ከሽሽት እምብዛም አይለይም። በእኔ እይታ የሥርዓቱ ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ከሰውየው የሚፈልገው ጥሩ ስሜት ሳይሆን ሌሎች ሊመሰክሩለት የሚችሉት ተግባር ነው።

ላንቴ ውስጥ ይህ የኑዛዜና የእርቅ ጉዳይ ከውሃ ጋር ይያያዛል። ሐሬ ወንዝ ከደጋው ወርዶ ወደ አባያ ከመግባቱ በፊት በቦይ እየተጠለፈ የጫኖንና የላንቴን ሙዝ ያጠጣል። በበጋ ወንዙ ሲቀጥን ከላይ ያለው ይጠግባል፣ ከታች ያለው ይጠብቃል። አንዱ በሌሊት ወጥቶ የጎረቤቱን ቦይ በድንጋይ፣ በጭቃና በሣር ደፍኖ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ቢመልስ፣ ነገሩ በማግስቱ ከማሳው ርጥበት ይታወቃል። የሙዝ ተክል ደግሞ ከሥሩ እየበቀለ ለዓመታት ምርት ስለሚሰጥ ባለቤቱ እንደ በቆሎ ዘንድሮ አጭዶ ሊሄድ አይችልም። ሁለቱ ሰዎች ከርሞም በዚያው ቦይ ላይ ይገናኛሉ። ፍርድ ቤት ለአንዳቸው ይፈርድ ይሆናል፤ ለቀጣዩ የውሃ ተራ የሚያስፈልገው መተማመን ግን ከፍርዱ ጋር አይመጣም። ሽማግሌ የሚጠራው ለዚህ ነው።

የሥርዓቱን ጉልበት አገር ሁሉ ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው በቡራዩና በአካባቢዋ በነበረው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል አደባባይ ወጣ። አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። ሽማግሌ ተንበርክኮ ሲለምን አልፎ መሄድ ጎሜ መሆኑን እያንዳንዱ ወጣት ከቤቱ ይዞት ያደገው እውቀት ነው፤ ልመናው የሠራው ይህ እውቀት አስቀድሞ ስለነበረ ነው። ሌላ ቦታ ያሉ ሽማግሌዎች ሣር ስለያዙ ብቻ ያንኑ ውጤት ያገኛሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ ትዕይንቱን ለመቅዳት የሚደረገው ጥረትም ይህን የሚዘነጋ ነው።

ሥርዓቱን ስናወድስ የሚያስቸግረውንም መናገር ይገባል። የጋሞ ማኅበረሰብ ማላ፣ ማናና ደጋላ ተብሎ የተከፈለ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ማናና ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላ በዱቡሻ፣ ማለትም በሸንጎው አደባባይ፣ ከማላ እኩል ተቀምጠው የመናገር መብት አልነበራቸውም። ኑዛዜን የሚሰማው ሸንጎ የተወሰኑ ሰዎችን ድምፅ ካልሰማ፣ የእነሱ በደል በደል ተብሎ የሚቆጠርበት ቦታ የለም። ብዙዎች ፕሮቴስታንት ሲሆኑ ጎሜ ከእንግዲህ አይነካንም ማለታቸውን ከዚህ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ሽማግሌዎች ሽሽት ሊሉት ይችላሉ፤ ሸንጎው ፊት የማይቆም ሰው ግን ወዴት ዞሮ ልቡን ይክፈት?

የቡራዩ ተፈናቃዮችም ሌላ ወሰን ያሳያሉ። በጎሜ ሥርዓት ይቅርታ ሰጪና ጠያቂ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ የሸማኔውን ቤት ያቃጠለው ሰው ግን አርባ ምንጭ ዱቡሻ ላይ አልቀረበም። አባቶቹ በቀልን ከለከሉ፤ የቤት ካሳና የወንጀል ፍርድ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ቀረ።