የጊዜ እስረኛና የፊላዴልፊያ ግንቦች

ስለ ጊዜ ጉዞ የሚተርኩ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች መጪውን ዘመን ለማሳየት ሲነሱ አብዛኛውን ጊዜ ያልነበረ ከተማ በስቱዲዮ ውስጥ ይገነባሉ። ቴሪ ጊሊያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው «አሥራ ሁለቱ ጦጣዎች» የተሰኘ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ግን መጪውን ዘመን የፈለገው በአሮጌ ግንቦች ውስጥ ነው። ከተማይቱም በአሜሪካ የምትገኘው ፊላዴልፊያ ናት።

በፊልሙ ታሪክ መሠረት በ1996 ዓ.ም. የተሰራጨ ቫይረስ አምስት ቢሊዮን ሰዎችን ይፈጃል። የተረፉት ጥቂቶች ከመሬት በታች ተጠልለው ሲኖሩ፣ በረዶ ባለበሰው ከተማ ላይ የሚዘዋወሩት አራዊት ናቸው። ብሩስ ዊሊስ የሚጫወተው እስረኛው ጀምስ ኮል ምሕረት ለማግኘት ሲል ወደ ኋላ ተጉዞ የቫይረሱን ምንጭ ለማጣራት ይላካል። ያለፈው ሊለወጥ አይችልምና የተላከው የሞቱትን ሊያድን አይደለም። ይሁን እንጂ በስሕተት በ1990 ዓ.ም. ባልቲሞር ውስጥ ይገኛል፤ እብድ ተብሎም ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይገባል።

ይህ የሆስፒታል ትዕይንት የተቀረጸው በፊላዴልፊያው የኢስተርን ስቴት ወኅኒ ቤት ነው። ጆን ሃቪላንድ የነደፈውና በ1829 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ሕንፃ፣ የእስረኞች ክፍሎች የተደረደሩባቸው ረጃጅም ክንፎቹ ከአንድ ማዕከል እንደ ጎማ ዘንጎች የሚዘረጉ ናቸው። መሥራቾቹ ወንጀለኛ ሰው ለብቻው በጸጥታ ቢቀመጥ ኅሊናው ወቅሶት ንስሐ ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። እስረኛው ከክፍሉ ሲወጣ እንኳ ፊቱ ይሸፈን ነበር። በ1842 ዓ.ም. የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ግን አሠራሩ ሥጋን ከሚያቆስል ግርፋት የከፋ የአእምሮ ሥቃይ መሆኑን ጽፎ አወገዘው። በዚያ ቤት ቅጣቱ ጊዜ ራሱ ነበርና፣ ጊዜ ያሰረው ኮል ከዚህ የተሻለ ማደሪያ ሊገኝለት አይችልም ነበር።

ለፊልሙ ሥራ በፊላዴልፊያና በባልቲሞር አገልግሎታቸው ያበቃ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም ውለዋል። ይህን ያህል ባዶ ሕንፃ ከየት ተገኘ ቢባል፣ መልሱን የሚሰጠው የከተማይቱ ታሪክ ነው። የፊላዴልፊያ ሕዝብ በ1950 ዓ.ም. ቆጠራ 2,071,605 ሲሆን፣ በ1990 ዓ.ም. ወደ 1,585,577 ዝቅ ብሏል። ፋብሪካዎች ተዘግተዋል፤ ብዙዎች ነዋሪዎችም ወደ ዳርቻዎች ሄደዋል። ተመልካቹ በስጋት የሚያየው የነገ ፍርስራሽ፣ ለከተማይቱ ሠራተኛ የትናንት ትዝታ ነበር ማለት ነው።

የፊልሙ መነሻ ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር በ1962 ዓ.ም. ያወጣው፣ ከሞላ ጎደል በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተሠራ አጭር ፊልም ነው። በሁለቱም ውስጥ አንድ ሕፃን በአውሮፕላን ማረፊያ ሰው ሲሞት ያያል፤ ሟቹም እርሱ ራሱ ካደገ በኋላ መሆኑ በፍጻሜው ይታወቃል። ኮል ያለፈውን አልለወጠም፤ አወቀው እንጂ።

በ1971 ዓ.ም. የተዘጋው ወኅኒ ቤት በኋላ ለጎብኝዎች ሲከፈት፣ ፍርስራሹ እንዳለ እንዲጠበቅ እንጂ እንደ አዲስ እንዲታደስ አልተደረገም። የተላጠው ግድግዳ ባይታይ ኖሮ፣ በዚያ ለብቻቸው ዕድሜያቸውን የቆጠሩትን ሰዎች የሚያስታውስ ምስክር ባልቀረ ነበር።