የግራር ሙጫና የጸሐፊ ቀለም

ከመተማ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ ለሚጓዝ ሰው፥ በጥቁሩ የዋልካ መሬት ላይ የበቀለ የግራር ዛፍ ይታየዋል። ሱዳኖች ከግራሮቹ አንዱን ሐሻብ ይሉታል። ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባ ቅርፊቱ በስለት ይላጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከቁስሉ የወጣው ሙጫ ደርቆ ይለቀማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ የባቡር ሐዲድ ገዳሪፍ በመድረሱ፥ ሙጫውን ወደ ቀይ ባሕር ወደብ ማድረስ ቀለለ።

የሙጫው ጥቅም ግን ከባቡሩ እጅግ ይቀድማል። ጥላሸት በውሃ ብቻ ቢበጠበጥ ብዙ ሳይቆይ ይዘቅጣል። የጥንት ግብፅ ጸሐፍት ግን የግራር ሙጫ ጨምረውበት የማይዘቅጥ ቀለም አደረጉት። የኢትዮጵያም የብራና ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም በጥላሸት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። እጅ ይህን ጥበብ ካወቀው ከ4000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አእምሮ ምክንያቱን የደረሰበት ግን በቅርቡ ነው።

በ1920 ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ሽታውዲንገር፥ እንደ ጎማ ያሉ ነገሮች ከብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ሲል ጻፈ። ብዙ ሊቃውንት ተቃወሙት፤ ቢሆንም በ1953 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ፖሊመር ይባላል። የግራር ሙጫም በአብዛኛው ከስኳር ክፍሎች የተሠራ፥ እንደ ዛፉ ቅርንጫፍ ያለው ፖሊመር ነው።

ሰንሰለቱ በሰፊ ውሃ ውስጥ ሳለ በሙቀት እየተናወጠ ቅርጹን ያለማቋረጥ ይለዋውጣል። በጠባብ ስፍራ ሲጨመቅ ግን ሊይዘው የሚችለው ቅርጽ ያንሳል፤ ስለዚህ ያጠበበውን ግድግዳ መልሶ ይገፋል። በቀለም ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሙጫው በጥላሸቱ ቅንጣቶች ላይ ይለጠፋል፤ ሁለት ቅንጣቶች ሲቀራረቡ፥ በመካከላቸው የተጨናነቁት ሰንሰለቶች ያራርቋቸዋል። በ1991 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዢል ደ ዤን፥ ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ሲያስተምር ይህንኑ የጥንት ቀለም ምሳሌ ያደርግ ነበር።

ከዚህ ታሪክ መምህር የሚቀስመው ነገር አለ። ሙጫውን የለቀመው ሕዝብ ሙጫውን ሸጠ፤ «ለምን አይዘቅጥም?» የሚለው ጥያቄ ግን የተመረመረው በሩቅ አገር ነው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ፥ ጥቂት ጥላሸትና አንድ ፍሬ ሙጫ በመተማም ሆነ በገዳሪፍ አይታጡም። ጥላሸቱ አንዱ በሙጫ፥ ሌላው ያለ ሙጫ ታሽቶ ለአንድ ሌሊት ቢቀመጥ፥ በማግስቱ ጥያቄውን የሚያነሣው ተማሪው ራሱ ይሆናል። ሳይንስ ከባሕር ማዶ የመጣ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከደጁ ዛፍ ላይ የሚለቀም መሆኑንም ያን ጊዜ ያስተውላል።