ርካሹ መብራት ለማን ረከሰ?

የአዊ ዞን የኃይል ምንጭ ጎረቤት ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ የጣናን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ አውርዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ጃዊ ወረዳም የዚሁ ሸለቆ ነዋሪ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የህዳሴ ግድብ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱም በእንጅባራና በቻግኒ ያልፋል። እንዲህም ሆኖ በዞኑ ገጠር የመብራት መስመር ያልደረሰው ቤተሰብ ሲመሽ የሚያበራው በኩራዝ፣ በባትሪ ወይም ቆርቆሮው ላይ በሰቀላት ትንሽ ሶላር ነው። ስለዚህ ከመስመርና ከሶላር የቱ ይረክሳል የሚለው ጥያቄ ለዚህ ቤተሰብና መስመሩ ደጁ ላይ ላለ ሰው አንድ አይደለም።

የመስመሩ ታሪክ ከመነሻው ለጥቂቶች ያደላ ነበር። በ1890 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው አምፖል በጄኔሬተር የሚሠራ ነበር። ጎጃም በ1956 ዓ.ም. 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሲያገኝ፣ ኃይሉ በዋናነት የታሰበው ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ለገጠር በስፋት የማዳረስ ዘመቻ የተጀመረው ገና በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

ዋጋውስ? መንግሥት ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ታሪፉን ሳይነካ አቆየው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንዱ 27 ሳንቲም ግድም ይከፍል ነበር፤ ሃምሳውን ቢጨርስ 13 ብር ከ65 ሳንቲም። በዓለም ላይ ከዚህ የረከሰ መብራት ማግኘት ከባድ ነበር። ግን ይህ የዋጋ ድጎማ ይደርስ የነበረው ቆጣሪ ላለው ብቻ ነው። ቆጣሪ የሌለው ገበሬ ላምባውን ከገበያ በሊትር ይገዛል፤ ከጎረቤት ቆጣሪ የሳበውም የሁለት ሦስት ቤት ፍጆታ በአንድ ቢል ስለሚደመር ከፍ ወዳለው እርከን ይገባል። ድጎማው ሊያግዘው የታሰበው ድሃ አብልጦ ከፋይ ሆነ። ይህ እስከ ዛሬ ያልታረመ በደል ነው።

ሶላር ለኢትዮጵያ ገጠር አዲስ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በሚቶ መንደር የተተከለው 10.5 ኪሎ ዋት ጣቢያ ለ300 ያህል አባወራ መብራት ሰጥቷል። በኋላም በሰሜን ሸዋዋ ሬማ ከ2,000 በላይ ቤቶች ሶላር ተገጠመላቸው። ሁለቱም ግን በገበሬው ኪስ ብቻ አልተሠሩም።

ሒሳቡን በአዊ ዞን ዳንግላ አካባቢ ላለ አንድ ቤት እናስላው። የ100 ዋት ፓኔል በጥሩ የበጋ ቀን ከ400 እስከ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ለአራት አምፖል፣ ለስልክና ለሬዲዮ ይበቃል፤ ለትንሽ ቴሌቪዥንም ይተርፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ያ ፓኔል በአሥር ቀን የሚሰበስበውን ይጨርሳል። ወፍጮማ አይነሳም። በዚያው ዞን ያለችው እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቅዝቃዜው ለፓኔሉ ቢስማማም፣ የክረምቱ ደመና ባትሪውን ሳይሞላ ያመሻል። ፓኔሉ ሃያ ዓመት ሲያገለግል፣ የተለመደው የአሲድ ባትሪ ሦስት አራት ዓመት ቆይቶ ይለወጣል። የሶላር እውነተኛ ወጪ ያለው እዚያ ነው፤ ሻጩም ሲሸጥ ይህን አጥብቆ ሊናገር ይገባል።

ስለዚህ ለምግብ ማብሰያና ለሥራ ከሶላር ይልቅ መስመሩ ይረክሳል። መስመር ላልደረሰው ቤት ማታ ማታ ለመብራት ግን የሶላር ተወዳዳሪው መብራት ኃይል ሳይሆን ላምባው ነው፤ እዚህ ሶላር በጥቂት ዓመት ወጪውን ይመልሳል፤ የልጆችን ዓይንና ሳንባም ከጭስ ያተርፋል።

የሁለቱም ዋጋ አሁን ተንቀሳቅሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣው ፓኔልና ባትሪ በብር ተወደደ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመስመሩ ታሪፍም በየጊዜው እየጨመረ ነው። ልዩነቱ በአከፋፈሉ ላይ ነው፦ የመስመሩ ጭማሪ በወር በወር ይመጣል፣ የሶላሩ ግን አንዴ ተሰብስቦ ይጠየቃል። ድንች ሸጦ የሚያድር ገበሬ ለሁለተኛው አቅም የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ከሕዝቡ ለ35 በመቶው ከመስመር ውጪ በሆነ መንገድ መብራት ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ለመስመሩ ምሰሶና ትራንስፎርመር በጀት የመደበ መንግሥት ከመስመር ውጪ ላለውም ወገን ቢያንስ ከአዝመራ እስከ አዝመራ የሚከፈል ብድርና ለባትሪ መለወጫ የሚሆን ድጋፍ ሊመድብ ይገባዋል።