የሊቲየም ጎረቤት፦ ከሰው ሠራሽ ጎማ ታሪክ

በቅኔ ጉባኤዋ በታወቀችው በዲማ የምናገረው ስለ ሰው ሠራሽ ጎማ ታሪክ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ እርሻዎች ስትይዝ፣ የተፈጥሮ ጎማን የሚተካ ነገር ማግኘት ለብዙ መንግሥታት የህልውና ጥያቄ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1955 የፋየርስቶን ኩባንያ ኬሚስቶች አይሶፕሪንን በሊቲየም አማካይነት አያይዘው፣ ከተፈጥሮው ጋር እጅግ የተቀራረበ ጎማ ማግኘታቸውን አስታወቁ። በዓመቱ ማይክል ሽቫርትስ እንዲህ ያለው የሞለኪውል ሰንሰለት የሚያቋርጠው ነገር ካልገባበት በቀር ማደግ እንደሚችል አሳየ፤ «ሕያው» ሲልም ሰየመው።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሊቲየም ድል ተደርጎ ይተረካል። እኔ ግን የሊቲየም ጎረቤትም እኩል ሊወሳ ይገባዋል እላለሁ። እንደ ሄክሴን ባለ ሟሟ ውስጥ የሰንሰለቶቹ ጫፎች በሊቲየም ተሳስበው ይቆላለፋሉ፤ እድገታቸውም ይዘገያል። ቴትራሃይድሮፉራን ሲጨመር በኦክስጅኑ ሊቲየሙን ይይዛል፤ ቁልፉ ይፈታል፣ እድገቱም ይፈጥናል። ዳሩ ግን የአይሶፕሪኑ ሰንሰለት የተፈጥሮ ጎማን ቅርጽ ያጣል።

የተፈጥሮን ጎማ ለሚሻ ሰው ይህ ጉዳት ነበር። በቡታዳይን ላይ ግን ያው ጉዳት ጥበብ ሆነ፤ ተጨማሪውን በመመጠን የሰንሰለቱን የጎን ቅርንጫፎች ብዛት መወሰን ተቻለ። በእርጥብ አስፋልት ላይ እንዳይንሸራተቱ የሚሠሩ የዛሬ መኪና ጎማዎች የዚህ ጥበብ ተጠቃሚዎች ናቸው።

አንዲት ቃል የቅኔን ምሥጢር እንደምትለውጥ እናንተ ታውቃላችሁ። በኬሚስትሪም «ተጨማሪ» የተባለውን ሁሉ ትርፍ አንበለው።