ሚዛናዊ ውክልና በመንግሥት ሥራ፦ የባሌ ታሪክ የሚያስተምረው

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማን ይቀጠራል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ እንጀራ ጥያቄ ብቻ ይታያል። የባሌ ታሪክ ግን ጥያቄው ከሁሉ በፊት የአስተዳደር ቅቡልነት ጥያቄ መሆኑን ያሳያል። ባሌ በ1952 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተለይቶ መቀመጫውን ጎባ ያደረገ ጠቅላይ ግዛት ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ የአስተዳደር፣ የዳኝነትና የግብር ሥራዎች በአብዛኛው የተያዙት ብዙው ሙስሊም የሆነውን ነዋሪ ቋንቋና ሃይማኖት በማይጋሩ ሹማምንት ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱና ሌሎች የመሩት ዐመፅ መነሻው መሬትና ግብር ነው፤ ሆኖም በደል የደረሰበት ገበሬ አቤት የሚለው ለዚያው በዳዩ ለነበረው ቢሮ መሆኑ ቅሬታውን አባባሰው። የውክልና ጥያቄው በባሌ ተወስኖ አልቀረም፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሰልፍ ሙስሊሞች ከጠየቋቸው መብቶች አንዱ ያለ አድልዎ በመንግሥት ሥራ መሳተፍ ነበር።

ቅጥር በችሎታ ብቻ ይሁን የሚሉ ወገኖች ቁም ነገር ያለው መልስ ይገባቸዋል፤ ብቃት የሌለው ሠራተኛ ይበልጥ የሚጎዳው ድሀውን ነውና። ይሁን እንጂ ችሎታ የሚለካው መንግሥት ራሱ በከፈተው መንገድ ነው። በባሌ የሚገኘው ድሬ ሼክ ሁሴን ለዘመናት የእስልምና ትምህርትና የዚያራ ማዕከል ቢሆንም፣ የዚያ ዓይነቱ ዕውቀት ለመንግሥት ሥራ አልተቆጠረም፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደግሞ ለባሌ ገጠር ልጅ ሩቅ ነበር። ሕጉም ቢሆን ችሎታን አልጣለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 በክልልና በፌዴራል አስተዳደሮች ሚዛናዊ ውክልናን መብት ሲያደርግ፣ የ1999ኙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች ቅድሚያ የሰጠው ነጥባቸው ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው።

ሠራተኛን በብሔር መቁጠር ክፍፍልን ያሰፋል የሚለው ስጋት ከችሎታው ክርክር ይከብዳል። ስጋቱ እውን የሚሆነው ግን ወንበሩ የልሂቃን ድርሻ ሲሆን ነው፤ መለኪያው የተገልጋዩ መብት ከሆነ መርሁ ሁሉንም እኩል ያስራል። አፋን ኦሮሞ የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ መሆኑ የባሌን ገበሬ በራሱ ቋንቋ እንዲዳኝ አስችሎታል፤ በዚያው ሚዛን በባሌ ከተሞች በሮቤና በጎባ የሚኖር ሌላ ቋንቋ ተናጋሪም ቢሮ ገብቶ የሚሰማው ሊያገኝ ይገባል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ስብጥር በየደረጃው፣ በተለይም በውሳኔ ሰጪ መደቦች፣ በይፋ ያሳውቁ፤ የቅጥር ማስታወቂያም እስከ ገጠር ወረዳ ይድረስ። ውክልና ለአንድ ወገን የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ዜጋ መንግሥትን የራሴ ነው የሚልበት መሠረት ነው።