የተፋሰስን የዕፅዋት ሽፋን ለውጥ በሳተላይት ምስል መከታተል፦ የቱርሚ አካባቢ እንደ ማሳያ

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ደቡብ ኦሞ ዞን፣ ሐመር ወረዳ በቱርሚና አካባቢዋ የሚኖረው ኅብረተሰብ ኑሮውን በአብዛኛው የመሠረተው በከብት፣ በፍየልና በበግ እርባታ፣ በማሽላ እርሻና በንብ ማነብ ነው። ለዚህ ኑሮ ሣርና ውኃ ወሳኝ በመሆናቸው፣ በተፋሰሱ ያለው የዕፅዋት ሽፋን መጨመሩን ወይም መቀነሱን በወቅቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የሳተላይት ምስል ለውጡን እንዴት እንደሚያሳይ፣ ምን ሊያሳይ እንደማይችልና ኅብረተሰቡ መረጃውን እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል ያብራራል።

ተፋሰስ ምንድን ነው?

ተፋሰስ በላዩ የሚጥለው ዝናብ ወደ አንድ መውጫ የሚፈስበት የመሬት ክልል ነው። በቱርሚ አቅራቢያ የሚገኘው የካስኬ ወንዝ ከዝናብ ወቅት ውጭ በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ሲሆን፣ ነዋሪዎች አሸዋውን ቆፍረው ውኃ ያወጣሉ። በተዳፋት ላይ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ሲመናመን የዝናቡ ውኃ ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ አፈሩንም ይጠርጋል። በመሆኑም የላይኛው ተፋሰስ ዕፅዋት ጉዳይ የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች የውኃ ጉዳይም ነው።

ሳተላይት ልምላሜን እንዴት ይለካል?

ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን በብዛት ይመጥጣል፤ ለዓይን የማይታየውን ታኅተ ቀይ ብርሃን ግን በብዛት ያንጸባርቃል። ኤንዲቪአይ የተባለው የልምላሜ መለኪያ የሚሰላው የሁለቱን ነጸብራቅ ልዩነት ለድምራቸው በማካፈል ሲሆን፣ ውጤቱ ከ-1 እስከ +1 ይደርሳል። ለምሳሌ ታኅተ ቀዩ 0.40፣ ቀዩ 0.10 ቢሆን ውጤቱ 0.60 ይሆናል፤ ይህም ጥሩ ልምላሜን ያመለክታል። የተራቆተ አፈር ውጤት ግን ወደ ዜሮ የቀረበ ነው።

ምስሎቹ ከየት ይገኛሉ?

የላንድሳት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የምድርን ገጽ ሲያነሱ ቆይተዋል፤ ምስሎቻቸውም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለክፍያ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 በ10 ሜትር ጥራት ምስል ያነሳል። ይህም አንድ ሄክታር መሬት በ100 የምስል ነጥቦች ይወከላል ማለት ነው። በዚህ ጥራት አንድን ግራር ለይቶ ማየት ባይቻልም፣ ጥቂት ሄክታር ስፋት ያለውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የተደረገ ቦታ መከታተል ይቻላል። አገራችንም የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማምጠቋ ይታወሳል።

ንጽጽሩ ትክክለኛ እንዲሆን

ሐመርን ጨምሮ የዞኑ ቆላማ አካባቢዎች በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሏቸው፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው። ስለሆነም የሚያዝያ ምስል መነጻጸር ያለበት ከሌላ ዓመት ሚያዝያ ጋር እንጂ ከጥር ጋር አይደለም። የየዓመቱ የዝናብ መጠንም አብሮ መታየት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በደቡባዊ የአገራችን ክፍል በተከታታይ ዝናብ በመጥፋቱ ብርቱ ድርቅ ተከስቷል። በእንዲህ ያለ ዓመት የተነሳን ምስል ብቻ በማየት መሬቱ የተራቆተው በልቅ ግጦሽ ነው ብሎ መደምደም ነዋሪውን ባላጠፋው ጥፋት ተጠያቂ ማድረግ ይሆናል።

ልምላሜ ሁሉ ማገገም አይደለም

ሳተላይቱ አረንጓዴነትን እንጂ የዕፅዋቱን ጠቀሜታ አይለካም። በቦረና የቁጥቋጦ መስፋፋት፣ በአፋር ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ተክል የግጦሽ መሬትን አጥብበዋል፤ በምስል ሲታዩ ግን ሁለቱም ለምለም ናቸው። ምስሉ "መሬቱ አገግሟል" ሲል ከብቶቹ የሚግጡት ሣር ያጡበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት ለውጥ የታየባቸው ቦታዎች በአካል መጎብኘት፣ አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ አርብቶ አደሮችና የአገር ሽማግሌዎችም መጠየቅ አለባቸው።

መረጃው ምን ጥቅም ይሰጣል?

መረጃው ቅድሚያ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸውን ተዳፋቶች ለመለየት፣ የእርከንና የችግኝ ተከላ ሥራዎችን ውጤት ለመመዘን እንዲሁም ድርቅን አስቀድሞ ለመረዳት ያገለግላል። በቦረና እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የእንስሳት መድን፣ ካሳ የሚከፈልበትን ጊዜ የሚወስነው ከሳተላይት በተገኘ የግጦሽ ልምላሜ መረጃ ነው።

ከተገልጋዮች ምን ይጠበቃል?

• በተፋሰሳቸው ላይ ጥያቄ ያላቸው ነዋሪዎች የቦታውን የአካባቢ መጠሪያ፣ ለውጡን ያስተዋሉበትን ወርና ዓመት እንዲሁም የጠፉትን ወይም አዲስ የበቀሉትን ዕፅዋት ስም ይዘው የቀበሌያቸውን የልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ።

• የግጦሽ መሬት ከንክኪ ነጻ እንዲሆን ሐሳብ ሲቀርብ፣ ንጽጽሩ የየትኞቹን ወራትና ዓመታት ምስል እንደያዘና በመስክ መረጋገጡን መጠየቅ ተገቢ ነው።

• ኢንተርኔት የሚያገኙ ወጣቶችና ተማሪዎች የሴንቲኔል-2 ምስሎችን በኮፐርኒከስ ብራውዘር ያለክፍያ ተመልክተው ለቤተሰቦቻቸውና ለተፋሰስ ኮሚቴዎች ማሳየት ይችላሉ።

የሳተላይት ምስል ተዓማኒ የሚሆነው መሬቱን በየዕለቱ የሚረግጠው ነዋሪ ከሚሰጠው ምስክርነት ጋር ሲገናዘብ ነው።